«ካራት» እና «ይዘት»፦ ስለ ዐለት ወርቅ ስያሜዎች

በሐረር ጀጎል የወርቅና የብር ጌጣጌጥ ሥራ ነባር ሙያ ነው። የአንጥረኛውም ቃላት የጠሩ ናቸው። «አነጠረ» ማለት በእሳት አቅልጦ ከባዕድ ነገር ለየ ማለት ነው፤ ቅቤም ወርቅም ይነጠራል። ከዚሁ ግሥ «ንጥረ ነገር» የተሰኘው የኬሚስትሪ ስያሜ ወጥቷል። «ካራት» ደግሞ የጥራት መለኪያ ነው፤ 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ሲሆን፣ 18 ካራት ከመቶው 75 እጁ ወርቅ ነው።

ከአንጥረኛው ምድጃ ወደ ማውጫው ስንሻገር ግን ቃላቱ ይምታታሉ። በአዶላ ምድር ወርቅ ለብዙ ዓመታት በገበቴ ከደለል እየታጠበ ሲወጣ ኖሯል። በለገደምቢ ግን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዐለት እየተፈለጠና እየተፈጨ፣ በሳያናይድ ወርቁ ይለያል። ይህን ለሚተረጉም ሰው የሚከተሉትን መለየት ያሻል።

1. ማዕድን፦ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። በዚያም ቋንቋ የሚወጣውንም የሚወጣበትንም ስፍራ ይጠራል። ስለዚህ ስፍራውን «ማዕድን ማውጫ»፣ ወርቁን የተሸከመውን ድንጋይ «ወርቅ አዘል ዐለት» ማለት ይበጃል።

2. ዐለት ወርቅ፦ ከ«ደለል ወርቅ» የሚለይ፣ በተፈጠረበት ዐለት ውስጥ ያለ ወርቅ ነው። ቃል በቃል «የመጀመሪያ ደረጃ ወርቅ» ቢባል አንባቢው ምርጥ ወርቅ መስሎት ይሳሳታል።

3. ይዘት፦ በአንድ ቶን ዐለት ውስጥ የሚገኝ የወርቅ መጠን ሲሆን በግራም ይለካል። «ግሬድ»ን «ደረጃ» ብለን «ከፍተኛ ደረጃ ያለው ወርቅ ተገኘ» ብንል፣ አንጥረኛው ስለ ካራት የተነገረ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ይዘቱ በቶን 5 ግራም የሆነ ዐለት ከ200,000 እጁ አንዱ ብቻ ወርቅ ነው። «ይዘተ ብዙ ዐለት ተገኘ» ቢባል ትርጉሙ ይቀናል።

4. ዝቃጭ፦ ወርቁ ከተለየ በኋላ የሚቀረው የተፈጨ ዐለትና ውሃ ነው። ኬሚካል ሊኖርበት ስለሚችል «አፈር» ማለት አደጋውን ይሸፍናል። ነዋሪዎች በጤናችን ላይ ጉዳት ደረሰ ብለው አቤቱታ በማሰማታቸው የለገደምቢ ፈቃድ በግንቦት 2010 መታገዱ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ክርክር መንግሥት፣ ባለፈቃዱና ነዋሪው በአንድ ቃል አንድ ነገር ካልተረዱ፣ ውሉም ምርመራውም ይዛባል።

እንግዲህ የስያሜ መመዘኛው ምሁሩ መቀበሉ ብቻ አይደለም፤ ወርቅ አንጥረኛውና የማውጫው ጎረቤት ቃሉን ሰምተው አንድ ነገር ማሰባቸው ጭምር ነው።