የደም ሥርን የሚያጋልጠው አንቲቦዲ

ከዕጢ ላይ የተቆረጠ ናሙና ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ሲላክ ታካሚውና ቤተሰቡ የሚጠብቁት አንድ መልስ ነው፤ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም? በሙያው ውስጥ ላለነው ግን ጥያቄው በዚህ አያበቃም። ካንሰሩ ከየትኛው ህዋስ ተነሣ የሚለው ይከተላል። ሕክምናው በአብዛኛው የሚመረጠው በዚህ ነውና።

አንጂዮሳርኮማን እንውሰድ። ከደም ሥር የውስጥ ሽፋን ህዋሳት የሚነሣ፣ እምብዛም የማያጋጥም፣ ነገር ግን ፈጥኖ የሚዛመት ካንሰር ነው። አንዳንዱ ዓይነት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ካርሲኖማ ከተባለው የተለመደ የካንሰር ዓይነት ጋር በጣም ይመሳሰላል። የሁለቱ ሕክምና ግን ይለያያል።

ለመለየት ከሚረዱን መሣሪያዎች አንዱ ሲዲ 31 የተባለውን ፕሮቲን ፈልጎ የሚይዝ አንቲቦዲ ነው። ይህ ፕሮቲን የደም ሥር ሽፋን ህዋሳት እርስ በርስ በሚገናኙበት ወሰን ላይ በብዛት ይገኛል። ናሙናው በፎርማሊን ይዘፈዘፋል፤ በፓራፊን ሰም ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያም 3 ወይም 4 ማይክሮን በሚሆን ውፍረት ይቆረጣል። አንቲቦዲው ሲጨመርበት ከፕሮቲኑ ጋር ይጣበቃል። ቀጥሎ የሚጨመረው ኢንዛይም ደግሞ ቦታውን ቡናማ ያደርገዋል።

ቀድሞ ችግሩ ፎርማሊንና ሰም የፕሮቲኑን ቅርጽ ስለሚለውጡት ብዙ አንቲቦዲዎች ሊያውቁት አለመቻላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በእንዲህ ዓይነቱ የተለመደ ናሙና ላይ የሚሠራውን ጄሲ 70 የተባለ አንቲቦዲ ይፋ አደረጉ። በዚህም ምክንያት ቀደም ብለው በሰም ተቀምጠው የነበሩ ናሙናዎችን ሳይቀር መመርመር ተቻለ።

ይሁንና ቡናማው ቀለም ሁለት ጊዜ ሊያሳስት ይችላል። የመጀመሪያው ቀለሙ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ስላይድ ስቀበል አስቀድሜ የማየው ዕጢውን ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ጤነኛ ደቃቅ የደም ሥሮች ነው። እነሱ ቡናማ ካልሆኑ ምርመራው አልሠራም ማለት ነው፤ ምናልባትም ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ ቆይቶ ይሆናል። በዚህ ጊዜ «ኔጋቲቭ» ብሎ መጻፍ ታካሚውን መበደል ነው።

ሁለተኛው ቀለሙ ሲታይ ነው። ማክሮፌጅ የሚባሉት የሰውነት ተከላካይ ህዋሳትም ሲዲ 31 አላቸው። በካርሲኖማ ውስጥ ተሰግስገው ሲገኙ ዕጢው ራሱ የቀለመ ሊያስመስሉ ይችላሉ። ስለሆነም ኢአርጂን የመሰለ፣ በህዋሱ ኒውክሊየስ ውስጥ የሚታይ ሌላ ምልክት ጨምረን እናመሳክራለን።

እንግዲህ በውጤት ወረቀት ላይ «ሲዲ 31 ፖዘቲቭ» የሚል ሐረግ ያነበበ ሰው ይህ የበሽታ ስም አለመሆኑን ይወቅ፤ አንድ ምስክር ነው። ከሌሎች ምልክቶች ጋር ተመሳክሮ እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥርጣሬ ካለም ስላይዱና በሰም የተቀመጠው ናሙና በሌላ ባለሙያ ዳግመኛ ሊታይ ይችላል።