የሚመግል ጆሮ ይደረቃል እንጂ ዘይት አይጨመርበትም

አባት ከማሳው ዳር ቆሞ፣ «አንተ ልጅ! ላሟ ጤፉ ውስጥ ገባችልህ!» እያለ ሲጣራ ልጁ ዞር ብሎም አያይ። ማታ እቤት ሲገባ «ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሃል» ተብሎ ይገረፋል። በትምህርት ቤትም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መምህሩ የሚለውን ስለማይከታተል ሰነፍ ይባላል። ጠጋ ብሎ ጆሮውን ያየለት ሰው ቢኖር ግን ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የሚመግለው ጆሮው መሆኑን በተረዳ ነበር።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከጉንፋን ነው። ከአፍንጫ በስተኋላ ካለው የጉሮሮ ክፍል ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚያደርስ ቀጭን ቱቦ አለ። ይህ ቱቦ በሕፃናት ላይ አጭርና አግድም የተዘረጋ በመሆኑ ጉንፋኑ በቀላሉ ወደ ጆሮ ይዘልቅና መግል ይቋጥራል። ልጁ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ጆሮውን እየጎተተ ሲያለቅስ ያድራል። መግሉ የጆሮውን ታምቡር በስቶ ሲወጣ ሥቃዩ ወዲያው ስለሚቀል ወላጆች «ፈነዳለት፤ ተሻለው» ብለው ይተዉታል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምክር ብዙ ነው። አንዱ የሞቀ ዘይት፣ ሌላው የቅጠል ጭማቂ፣ ሦስተኛው የጡት ወተት አንጠባጥቡበት ይላል። ታምቡሩ ተበስቷልና የተጨመረው ሁሉ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል፤ እርጥበቱም መግሉን ያባብሰዋል። ሽታውን ለመከላከል ተብሎ በጥጥ መወተፍም እንዲሁ ጎጂ ነው፤ መግሉን መውጫ ያሳጣዋል።

የሚያስፈልገው ማድረቅ ነው። ንጹሕ፣ ውሃ የሚመጥ ስስ ጨርቅ ወይም ሶፍት እንደ ክር ተጠምዝዞ በቀስታ ወደ ጆሮ ይገባል፤ ሲርስ ወጥቶ ይጣላል፤ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ በአዲስ እየተተካ ይደጋገማል። ይህ በቀን 3 ጊዜ ይደረጋል። እንጨት ወይም የክብሪት ጭራ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ልጁ ወንዝ ወርዶ እንዳይዋኝም መጠበቅ ነው።

ማድረቁ ግን ሕክምናውን አይተካም። ወላጅ ወደ ጤና ኬላ ሲሄድ በመጀመሪያ የሚጠየቀው መግሉ ከጀመረ ስንት ቀን እንደሆነው ነው። ከ14 ቀን በታች ከሆነ የሚዋጥ መድኃኒት ለ5 ቀን ይሰጣል። 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሥር የሰደደ ስለሆነ ከማድረቁ ጋር ለ2 ሳምንት የሚንጠባጠብ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ጠብታው በኬላው ከሌለ ጤና ጣቢያ ድረስ መሄድ ይገባል። መግሉ ቆመ ተብሎ መድኃኒቱን በመሐል ማቋረጥ፣ እንደ ልማድ ሆኖ የሚታይ፣ ሕመሙን መልሶ የሚያመጣ ነገር ነው።

ከጆሮው በስተኋላ ሲነካ የሚያም እብጠት ከታየ ነገሩ ሌላ ነው። መግሉ ወደ አጥንቱ አልፏል ማለት ነው፤ ከዚያ ወደ አንጎል ለመድረስ ሩቅ አይደለም። አንገቱ የደረቀ፣ የሚያስታውከው ወይም ፊቱ ወደ አንድ ወገን የተጣመመ ልጅም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ገበያ እስኪደርስ ወይም አጨዳ እስኪያልቅ ሳይሉ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። ወላጆቹ አቅም ካጡ ጎረቤት አስተባብሮ መጓጓዣ የመፈለጉ ሥራ የማኅበሩ መሪዎች ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ሲዞሩ ጆሮው የሚመግል ልጅ መኖሩን ሁሉም ወላጅ አይነግራቸውም፤ እንደ በሽታ አይቆጥረውምና። በስብሰባ ላይ ጉዳዩን አንስቶ በየመንደሩ ያሉትን ልጆች ማስመዝገብ ለመሪዎቹ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የኩፍኝና፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት ያልጨረሱ ሕፃናትም በዚያው ሊለዩ ይችላሉ፤ ሁለቱም ከጆሮ ሕመም የመከላከል ድርሻ አላቸው።

ጆሮው ደርቆም በደንብ መስማት ያቃተው ልጅ ወደ ስፔሻሊስት ሐኪም እስኪላክ ድረስ፣ መምህሩን አነጋግሮ ከፊት ወንበር ማስቀመጥ ይቻላል።