ከመግሪብ በፊት ያለችው ሰዓት
ቁጣው ቶሎ ለሚገነፍል ሰውና ለቤተሰቡ

በረመዷን ወደ መስጊድ ከሚመጡ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ጾምን የሚያፈርሰውንና የማያፈርሰውን የሚመለከቱ ናቸው። ሰው እስኪበተን ተጠብቆ በዝግታ የሚነገር ሌላ ጥያቄም አለ። ባልየው ሶላቱን የሚጠብቅ፣ ሰደቃ የሚሰጥ፣ ልጆቹን የሚወድ ሰው ነው። ነገር ግን ሹርባው ጥቂት ሲዘገይ ወይም ልጅ ውኃ ሲደፋ ጩኸቱ ቤቱን ያናውጠዋል። ተምር ቀምሶ ሲረጋጋ ምንም እንዳልተፈጠረ ይጫወታል፤ ቤተሰቡ ግን እንደፈራ ያመሻል። በአንዳንድ ቤት ደግሞ እንዲህ የምትሆነው እናት ናት።

ይህን ሁሉ የኢማን ድክመት ብለን ለመደምደም እንቸኩላለን። አንዳንዱ በእርግጥ የጠባይ ጉዳይ ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ግን ሐኪሞች ኤዲኤችዲ የሚሉት የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ያለባቸው አሉ። የልጆች ብቻ ይመስለናል እንጂ ከ100 አዋቂዎች በ2 ወይም በ3ቱ ላይ እንደሚገኝ ይገመታል። ከልጅነት የሚጀምር ሲሆን በዘርም ይተላለፋል። ሰውየው ቀጠሮ ይረሳል፣ ዕቃ ይጥላል፣ የጀመረውን አይጨርስም፣ የሰው ንግግር ያቋርጣል። በብዙዎቹ ላይ ስሜትም እንዲሁ ነው፤ ቶሎ ይነሳል፣ ከልኩ ያልፋል፣ ቶሎ ይበርዳል፣ ከዚያ ጸጸት ይከተላል። በስሜቱና በአንደበቱ መካከል ያለው ፍሬን ዘግይቶ ይይዛል ማለት ነው።

በረመዷን ይህ ፍሬን ይበልጥ ይላላል። እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ የለመዱት ቡና ይቀራል፣ ሆድ ባዶ ነው፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሰዓቱ ይዛባበታል። ከመግሪብ በፊት ያለችው ሰዓት የምትከብደው ይህ ሁሉ ስለሚገናኝባት ነው።

ሰበቡን ማድረስ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት ለፈለገው ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት ነግረውታል። ቁጣንም አስቀድሞ ማሰር ይቻላል። ከተራዊህ በኋላ ከማምሸት መተኛት፣ ቀትር ላይ ጥቂት ጋደም ማለት፣ በሰሁር እንቁላል ወይም ፉል በልቶ በቂ ውኃ መጠጣት ይረዳል። ከኢፍጣር በኋላ ጫት ይዞ ማንጋት እንቅልፍን ይሰርቃል፤ የማግስቱን ቁጣም ያከፋል።

ቤተሰቡም ይስማማ። የገንዘብ ጉዳይ፣ የልጅ ውጤት፣ የዘመድ ወቀሳ ከመግሪብ በፊት አይነሳ። በዚያ ሰዓት ለሚቆጣው ሰው የእጅ ሥራ መስጠት፣ ወይም ቀደም ብሎ ወደ መስጊድ እንዲሄድ ማድረግ መልካም ነው።

ቁጣው ሲመጣስ? ነቢዩ የተቆጣ ሰው ዝም እንዲል፣ ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልለቀቀው ጋደም እንዲል አስተምረዋል። ይህ ፍሬኑ ለሚዘገይበት ሰው የተመቸ ትምህርት ነው፤ አንደበት ከመከፈቱ በፊት አካል ቦታ ይለውጣልና። ጾመኛ መሆንን መናገርም ሱና ነው። ቤተሰቡ ይህችን ቃል እንደ ምልክት ይያዛት፤ ስትነገር ክርክሩ ይቁም። ወደ ውዱእ የሄደውን ሰው እየተከተሉ መልስ መጠየቅ አይገባም። እርሱም ጉዳዩን ከኢፍጣር በኋላ ሊመለስበት ቃል ይግባ፤ ቃሉንም ይጠብቅ።

ሕመም ያስረዳል እንጂ ሐቅ አይሰርዝም

ትልቁ አደጋ በቁጣ የሚወጣ የጦላቅ ቃል ነው። በ751 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑል ቀይም በዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈው ቁጣን በሦስት ደረጃ ከፍለዋል። የሚናገረውን እያወቀ የተናገረ ሰው ጦላቁ ይጸናል፤ አእምሮውን ፈጽሞ የሳተ ሰው አይጸናበትም፤ በመካከል ባለው ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ። ስለዚህ "ተቆጥቼ ነበር" ማለት ብቻውን መውጫ አይሆንም። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ሰው በራሱ ሳይፈርድ ዓሊም ይጠይቅ።

ኢስቲግፋር በአላህና በባሪያው መካከል ነው። የሰደብናት ሚስት፣ ያስደነገጥነው ልጅ ሐቅ አላቸው፤ ዐፍው መጠየቅ ያለበት ከእነርሱ ነው። ይቅርታውም የተሠራውን ጥፋት በስሙ ይጥራ፤ ልጅም ቢሆን "ያለ ጥፋትህ ጮህኩብህ" መባል ይገባዋል። ሶብር አድርጊ የሚለው ምክር ደግሞ ድብደባ እንድትሸከም አይደለም። እጅ የሚነሳበት ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ግዴታ ሴቲቱንና ልጆቹን ማዳን ነው።

መድኃኒትን መፈለግ ከሶብር አያጎድልም፤ ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳለው ያስተማሩን ነቢዩ ናቸው። ቶሎ መቆጣት ከድብርት፣ ከእንቅርት ዕጢ መዛባት ወይም ከእንቅልፍ ማጣትም ሊመጣ ስለሚችል ምርመራው የሐኪም ነው። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ለረመዷን ብሎ በራሱ አያቋርጥ። በቀን አንዴ የሚወሰዱ፣ በሰሁር ሊዋጡ የሚችሉ ዓይነቶች ስላሉ ከሐኪሙ ጋር ሰዓቱን ያስተካክል። ጾሙ የሚጎዳው መሆኑን ሐኪም ከነገረው፣ አላህ ለታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷእ እንዲያወጣ ፈቅዷል። ሕመሙ የማይለቅና ጾምን ፈጽሞ የሚከለክል ከሆነ ስለ ፊድያ ዓሊም ይጠይቅ።

ለሚቆጣው ወንድማችንና እህታችን አንድ ቃል፦ ነቢዩ ብርቱ ያሉት በትግል የሚጥለውን ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚይዘውን ነው። ፍሬኑ ለሚዘገይበት ሰው ይህ ትግል ከሌላው ይከብዳል። አላህ ደግሞ የእያንዳንዱን ድካም ያውቃል። ዛሬ ከመግሪብ በፊት አንዴ ዝም ካላችሁ፣ ነገም ሞክሩ።