ገብሱ ከነታሪኩ ሲመዘገብ

ክሽክሽ የሚያስተላልፈው አንድ ቫይረስ ገብስን ያጫጫል፤ ቅጠሉንም ቢጫ ያደርጋል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ተመራማሪዎች ይህን በሽታ የሚቋቋም ዘር ሲፈልጉ መፍትሔውን ያገኙት ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ዋይዲ2 የተባለው ይህ ዘረመል ለዝርያ ማሻሻያ ውሏል።

የአርሶ አደሩ ነባር ዘር ዋጋ ከዚህ ይታያል። ይሁንና ናሙናው ከየት እንደመጣና ምን እንደሚቋቋም ካልተመዘገበ፣ በዘር ባንክ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ጥሬ ከመሆን አያልፍም።

የዘር መረጃ አያያዝ ትልቁ ፈተና መረጃው ወጥ አለመሆኑ ነው። አንዱ ናሙና በተለያዩ የምርምር ጣቢያዎች ተሞክሮ የምርት ውጤት፣ የዘረመል ምርመራና ፎቶግራፍ ይኖረዋል። ሌላው ያለው የአካባቢ ስሙና የተገኘበት ከፍታ ብቻ ሊሆን ይችላል። በተለመደው የሰንጠረዥ አሠራር ይህ ሁሉ በበርካታ ሰንጠረዦች ተከፋፍሎ በመለያ ቁጥር ይያያዛል።

ኦብጀክት ኦሪየንትድ የሚባለው የመረጃ ቋት ግን እያንዳንዱን ናሙና እንደ አንድ ሙሉ ማህደር ይይዘዋል። ማህደሩ ያለውን ይይዛል፤ አዲስ ውጤት ሲገኝም ይጨመርበታል። ለ«ሰብል» የተወሰነውን የመረጃ ዓይነት «ገብስ» ይወርሳል፤ ባለሁለት ወይም ባለስድስት ረድፍ መሆኑን የመሰለ የራሱን መለያም ያክላል።

ለዚህ ማሳያ የሚሆነው ኤሲዲቢ ነው። ሪቻርድ ደርቢንና ዣን ቲየሪ ሚዬግ ሥርዓቱን የሠሩት ለአንዲት ጥቃቅን ትል የዘረመል ጥናት ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ግሬንጂንስ የተባለውን የስንዴ፣ የገብስና የአጃ መረጃ ቋት ያደራጀው በዚሁ ነው። ግሬንጂንስ ከጊዜ በኋላ ወደ ሰንጠረዥ አሠራር ተዛውሯል። መረጃው ግን ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ተሻግሯል።

ለወረዳና ለቀበሌ ባለሙያዎች ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ናሙና ሲሰበሰብ የአካባቢ ስሙ፣ ቀበሌው፣ ከፍታው፣ የአፈሩ ዓይነትና የተሰበሰበበት ወር በቦታው መጻፍ አለበት። ዘሩ ውርጭ ወይም ዋግ ይችል እንደሆነ፣ ለቆሎ፣ ለበሶ ወይስ ለጠላ እንደሚመረጥ የሚያውቀው አርሶ አደሩ ነውና እርሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ማሳ ላይ ያልተጻፈውን የትኛውም ኮምፒውተር በኋላ አይሞላውም።