«ዶክተር፣ ስስቅ ሽንት ያመልጠኛል»፦ ፊዚዮቴራፒ ስትሄዱ ምን ይጠብቃችኋል?

ዛሬ የማነሳው ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝን፣ በአደባባይ ግን የማትጠይቁትን ጉዳይ ነው።

ከአንዲት ታካሚዬ ልጀምር። ታሪኳን እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገር ቀይሬያለሁ። የ3 ልጆች እናት ናት፤ የመጣችው ወገቧን አሟት ነበር። መረመርኳት፣ ማስታገሻ ጻፍኩላት፣ ወረቀቷን ይዛ ተነሳች። በሩን ከፍታ ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዶክተር፣ ስስቅና ሳስነጥስ ሽንት ያመልጠኛል። የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ ነው» አለችኝ።

እኔስ ምን አልኳት? «ከወሊድ በኋላ ያለ ነው፣ አይዞሽ።» ውጭ ብዙ ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነበር። አመስግናኝ ሄደች።

ከወራት በኋላ ለዚያው ወገቧ ተመልሳ መጣች። በዚህኛው ቀን ቁጭ ብዬ ጠየቅኳት። ሰርግ መሄድ ትታለች። ቆማ ማስቀደስ አቁማለች። ሞዴስ ሳታደርግ ከቤት አትወጣም፤ ታክሲ የምትሳፈር ከሆነ ጠዋት ውሃ አትጠጣም። ከባሏም ርቃለች፤ እሱ ምክንያቱን አያውቅም። እኔ «ያለ ነው» ብዬ የሸኘኋት ነገር ኑሮዋን እንዲህ አጥብቦታል።

እውነቱን ልንገራችሁ፦ ከወሊድ በኋላ ሽንት ማምለጥ ብዙ ሴት ላይ ይታያል። ብዙ ሰው ላይ ስለታየ ግን ጤናማ ነው ማለት አይደለም። ህክምና አለው፤ በሳልና በሳቅ ጊዜ ለሚያመልጥ ሽንት ደግሞ መጀመሪያ የሚሞከረው ቀዶ ህክምና ሳይሆን ፊዚዮቴራፒ ነው።

የዳሌ ወለል ጡንቻ ምንድን ነው?

ከፊት ከብልት አጥንት ተነስቶ ከኋላ እስከ ጭራ አጥንት እንደ መረብ የተዘረጋ ጡንቻ ነው። ፊኛን፣ ማህፀንን እና አንጀትን ከስር ደግፎ ይይዛል። እርግዝና፣ ምጥ፣ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀትና ከባድ ዕቃ ማንሳት ያደክሙታል። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ጀሪካን ተሸክማ 4ኛ ፎቅ የምትወጣ እናትን አስቡ። ወንዶችም ይሄ ጡንቻ አላቸው፤ ከፕሮስቴት ቀዶ ህክምና በኋላ ሽንት የሚያመልጣቸው ወንዶችም በዚሁ መንገድ ይታከማሉ።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይመስላል?

ብዙው ጊዜ የሚያልፈው በጥያቄ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ትሸኛላችሁ? የሚያመልጠው ስታስሉ ነው ወይስ ሽንት ቤት ሳትደርሱ? ስንት ወለዳችሁ? ሰገራስ? በግንኙነት ጊዜ ህመም አለ? አትፈሩ፤ ባለሙያው ይህን ሲሰማ የዋለ ነው። ለ3 ቀን ያህል የጠጣችሁትንና የሸናችሁበትን ሰዓት እንድትመዘግቡም ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ አቋቋማችሁ፣ አተነፋፈሳችሁ፣ ወገባችሁና ዳሌያችሁ ይታያል።

ሰው የሚፈራው የውስጥ ምርመራውን ነው። ጡንቻው ምን ያህል እንደሚጨመቅና እንደሚላላ ለማወቅ ባለሙያዋ ጓንት አድርጋ በአንድ ጣት ትመረምር ይሆናል። ይሄ ግን ግዴታ አይደለም። አስቀድሞ ሊነገራችሁና ፈቃዳችሁ ሊጠየቅ ይገባል። «ዛሬ አልፈልግም» ማለት፣ ሴት ባለሙያ መጠየቅ፣ አብሯችሁ ሰው እንዲገባ ማድረግ፣ መሃል ላይ «ይብቃ» ማለት ሁሉ መብታችሁ ነው። ግንኙነት ጀምራ ለማታውቅ ሴት ከውጭ በማየትና በመዳሰስ መስራት ይቻላል።

የቤት ስራው

ጋዝ እንዳያመልጣችሁ እንደምትይዙት አድርጋችሁ ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቡት። ጥቂት ሰከንድ ያዙ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። መቀመጫችሁን ወይም ጭናችሁን አትጨምቁ፤ ትንፋሽም አትያዙ። የተለመደው መጠን 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ነው። ልታስሉ ወይም ጀሪካን ልታነሱ ስትሉም ቀድማችሁ ጨምቁት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ሽንት እየሸናችሁ መሃል ላይ እያቋረጣችሁ አትለማመዱ፤ ፊኛው በደንብ እንዳይራገፍ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሰው ችግሩ የጡንቻ መላላት ሳይሆን ከመጠን በላይ መወጠር ነው፤ በግንኙነት ጊዜ ህመም ወይም ሽንት ለመጀመር መቸገር ይኖረዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መጨመቅ ህመሙን ያብሰዋል፤ እሱ መማር ያለበት ማላላትን ነው። በተጨማሪም ብዙ ሰው ወደ ላይ የሳበ መስሎት ወደ ታች ያምጣል። ቪዲዮ አይታችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ታዩ የምለው ለዚህ ነው።

የጉልበት፣ የወገብና የትከሻ ፊዚዮቴራፒስ?

አካሄዱ ይመሳሰላል። ባለሙያው መገጣጠሚያው ምን ያህል እንደሚታጠፍ ይለካል፣ የጡንቻ ጥንካሬ ይፈትሻል፣ አረማመዳችሁን ያያል። ከዚያ «ምን ማድረግ አቃታችሁ?» ይላችኋል። መልሳችሁ ግልጽ ይሁን፦ ለስግደት መንበርከክ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ማፍላት፣ ደረጃ መውረድ። ህክምናው የሚታቀደው በዚያ ነው።

ብዙ ሰው ማሳጅና ማሽን ጠብቆ ይሄዳል። እነዚህ ለጊዜው ያስታግሱ ይሆናል፤ ለውጡን የሚያመጣው ግን ቤታችሁ የምትሰሩት እንቅስቃሴ ነው። ስትሰሩ ትንሽ ቢያማችሁ አትደንግጡ። ህመሙ በማግስቱም ካልቀነሰ ግን በዝቶባችኋልና ንገሩት፤ ይቀንስላችኋል። ጡንቻ ለመጠንከር ሳምንታት ይፈልጋል፤ በ2 ቀጠሮ «አልሰራልኝም» ብላችሁ አታቋርጡ። ስብራት ሲጠረጠር ደግሞ መጀመሪያ ራጅ ተነሱ፤ በወጌሻ ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል።

እነዚህ ቀጠሮ አይጠብቁም

• ወገባችሁን እያመማችሁ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግር ከዛለ፦ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።
• ከጀሶ ወይም ከቀዶ ህክምና በኋላ ባት አብጦ ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፦ ይሄም ድንገተኛ ነው።
• የወገብ ህመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ፦ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ታዩ።
• ሽንት ውስጥ ደም ካለ፦ ቶሎ ታዩ።
• ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንት ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ፦ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል፤ ስፖርት አይመልሰውም። በ1974 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል እንዲህ ያሉ እናቶችን በነጻ ያክማል።

የት ልሂድ?

በዳሌ ወለል ላይ ልዩ ስልጠና ያላቸው ባለሙያዎች በአገራችን ብዙ አይደሉም። የማህፀንና ጽንስ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ወይም ሆስፒታል ያለውን የፊዚዮቴራፒ ክፍል «የዳሌ ወለል ትሰራላችሁ?» በሉ።

ያቺ እናትስ? የወገቧንና የዳሌ ወለሏን አብራ ሰራች። ቶሎ አልሆነም፤ ሁለተኛው ወር ላይ ተስፋ ቆርጣ ልታቆም ነበር። በ4ኛው ወር የእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ ጨፍራ መጥታ ነገረችኝ። ከባድ ጉንፋን ሲይዛት አሁንም ጠብ ይላል። ውሃዋን ግን እንደ ልቧ ትጠጣለች፤ ለባሏም ነግራዋለች።

እኔም ከዚያ ወዲህ የወለደችን ሴት ሁሉ ራሴ እጠይቃለሁ። እናንተም በር ላይ እስክትደርሱ አትጠብቁ፤ ገና ስትቀመጡ «ሽንት ያመልጠኛል» በሉ። ሐኪሙ «ያለ ነው» ካላችሁ «ፊዚዮቴራፒ ይጻፉልኝ» በሉት።

ይህን ጽሑፍ ለእናታችሁ፣ ለእህታችሁና ለጓደኛችሁ ላኩላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ።