ጎመን በጤና፤ ሳይራቡ ክብደትን ስለ መቀነስ

ክብደቱን ለመቀነስ የቈረጠ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚተወው ምሳውን ነው። ጧት ሻይ ብቻ ይጠጣል፤ ቀትር ላይ ሆዱን አስሮ ይውላል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን የወጡ ሽታ በደጅ ይቀበለውና በቀን የተወውን ሁሉ በአንድ ማዕድ ይክሰዋል። እንዲህ እያለ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያም ጠውልጎና ተበሳጭቶ፣ «ውፍረቴ ከተፈጥሮዬ ነው» በማለት ነገሩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ይህ በብዙ ቤት የሚደጋገም ነገር ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይሆንም።

ይህ ሰው የተሸነፈው በፈቃዱ ድካም ነው ብሎ መፍረድ ተገቢ አይደለም፤ የመረጠው መንገድ እስከ ፍጻሜ የሚያደርስ አልነበረምና። ረኃብ ለሰውነት የተሰጠ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ደወሉን ለጥቂት ቀን እንዳልሰሙ መሆን ይቻላል፤ ለወራት ግን እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ ክብደቱን በእውነት ሊቀንስ የሚሻ ሰው «ምን ያህል ልራብ?» ከማለት ይልቅ «በምን ልጥገብ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል። መልሱም ሩቅ አይደለም፤ በየጓሮአችንና በየጉልቱ የሚገኘው አትክልትና ፍራፍሬ ነው።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባገራችን ልማድ «ተመችቶሃል፤ ወፍረሃል» ማለት እንደ ምርቃት ሲቈጠር ኖሯል፤ እህል በጠፋበት ዘመን ያለፈ ሕዝብ እንዲህ ማለቱም አያስደንቅም። ዛሬ ግን ከልክ ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊት፣ ለልብ ሕመምና ለጉልበት መታመም በር እንደሚከፍት የታወቀ ነው። የቤቱ አባት ወይም እናት በእነዚህ ደዌዎች ሲያዙ የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የልጆች አስተዳደግ፣ የቤቱ ገቢና የቤቱ ሰላም አብሮ ይናጋል። እንግዲህ ይህን ነገር ገና ሳይመሽ ማሰብ የቤተ ሰብ ኀላፊነት ነው።

አትክልት እንዴት ሳያወፍር ያጠግባል? የምግብን ኀይል ሊቃውንት የሚለኩት ካሎሪ በሚባል መስፈሪያ ነው። ሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ የገባው ካሎሪ ስብ ሆኖ ይከማቻል። ከምግብ ዓይነቶች መካከል አንዱ ግራም ስብ ወይም ዘይት 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንዱ ግራም ስኳር ወይም ስታርች 4 ካሎሪ ይሰጣል። የጎመንና የቲማቲም አብዛኛው ክፍል ግን ውሃ ነው፤ ከውሃውም ጋር ሆድን የሚሞላው አሰር አለበት። ውሃና አሰር ሆድን ይሞላሉ እንጂ እምብዛም ካሎሪ የላቸውም።

በምሳሌ ብናየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። 100 ግራም ጥቅል ጎመን 25 ካሎሪ ያህል አለው፤ 100 ግራም ቲማቲም 18 ያህል፤ 100 ግራም ካሮት 40 ያህል አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ግን ብቻውን 120 ካሎሪ ይሆናል። ይህ ማለት አንዲት ማንኪያ ዘይት ወደ ግማሽ ኪሎ ከሚጠጋ ጥቅል ጎመን ጋር ትመዛዘናለች። ግማሽ ኪሎ ጎመን የበላ ሰው ከማዕድ በጊዜው ይነሣል፤ አንዲት ማንኪያ ዘይት በወጡ ውስጥ የጨመረ ሰው ግን መጨመሩንም አያውቀው።

ይህን ነገር ባሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ግዛት ዩኒቨርሲቲ የምትመራመር ባርባራ ሮልስ የተባለች ሊቅ ከባልደረቦቿ ጋር ለብዙ ዓመታት መርምራዋለች። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ሴቶች ከምሳ በፊት ቅባት ያልበዛበት አንድ ትልቅ ሳሕን ሰላጣ ሲበሉ፣ ሰላጣውን ጨምሮ በጠቅላላው የበሉት ካሎሪ በመቶ 12 ያህል ቀነሰ። ያው ሰላጣ በቅባትና በአይብ ሲበለጽግ ግን የተገኘው ውጤት ተገላቢጦሽ ነበር፤ የበሉት ካሎሪ በመቶ 17 ያህል ጨመረ። ትምህርቱ ግልጥ ነው፤ ቅጠሉ ይረዳል፤ በቅጠሉ ላይ የምናፈሰው ግን ርዳታውን ያጠፋዋል።

እዚህ ላይ ስለ ጾም ማዕዳችን ጥቂት መናገር ግድ ይሆናል። ጾም የተሠራው ሰውነትን ለማቅጠን እንዳልሆነ ማንም ክርስቲያን ያውቃል፤ የጾምንም ዋጋ በሚዛን መለካት አይገባም። ሆኖም ብዙ ሰዎች፣ «55 ቀን ሙሉ ሥጋና ቅቤ ሳልቀምስ እንዴት ጨመርሁ?» እያሉ ሲደነቁ ይሰማል። ምክንያቱ ከድስቱና ከምጣዱ ዘንድ ነው። ቅቤው ሲወጣ ዘይቱ በእጥፍ ይገባል። ድንቹ ከመቀቀል ይልቅ ይጠበሳል፤ 100 ግራም ቅቅል ድንች 87 ካሎሪ ያህል ሲኖረው፣ የተጠበሰው ግን 300 ያልፋል። በመጥበሻ የሚወጣው ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ነጭ ዳቦ፣ ይህ ሁሉ የጾም ነው፤ ነገር ግን ቀላል አይደለም።

የበየዓይነቱን ትሪ ደግሞ ልብ ብለን እንመልከት። እንጀራው ሰፊ ነው፤ ሽሮውና ምስሩ መካከሉን ይይዛል፤ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩና ሰላጣው ግን ለጌጥ ያህል በማንኪያ ተለክቶ በዳር ይቀመጣል። ምክራችን ይህን ሥርዐት መለወጥ ብቻ ነው። ከማዕዱ ግማሹን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ፎሶልያ፣ ዱባና ሰላጣ ይያዘው፤ ሩቡን ምስር፣ ክክ ወይም ሽሮ፤ የቀረውን ሩብ እንጀራ። እንጀራ የተከበረ ምግባችን ነው፤ ማንም ይተው አይልም። ነገር ግን ጎመኑ እንጀራውን ተከትሎ ከሚመጣ፣ እንጀራው ጎመኑን ለመጉረስ ያህል ይቅረብ። ድንችም አትክልት ተብሎ ቢጠራ፣ በሥራው ከእንጀራና ከዳቦ ወገን ስለ ሆነ በዚያው ሩብ ውስጥ ይቈጠር።

የቤት እመቤቶች በአሠራር ረገድ የሚከተለውን ቢያስቡበት ይጠቅማል። ሽንኩርትን በደረቁ ማቁላላትና ሲይዝ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማብሰል የቈየ ሙያችን ነው። ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ዘይቱን ከጠርሙሱ እንዳለ ከማፍሰስ በማንኪያ እየለኩ መጨመር ይሻላል። ለአምስት ሰው በሚሠራ ወጥ ውስጥ አሥር የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢገባ ለእያንዳንዱ ሰው 240 ካሎሪ ከዘይቱ ብቻ ይደርሰዋል፤ በአራት ማንኪያ ቢሠራ ከ100 አያልፍም። የወጡን ጣዕም ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ ይሞሉታል። ጎመንም ውሃው እስኪደፋ ድረስ ከሚቀቀል በጥቂት ውሃ ተከድኖ በራሱ እንፋሎት ቢበስል፣ በውሃ የሚሄደው ቪታሚን ይተርፋል። ሲወርድ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ጣዕሙ ከማማሩ በላይ፣ በጎመኑና በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ እንዲቀበለው ያግዛል።

ወደ ፍራፍሬ እንለፍ። ከማዕድ በኋላ ጣፋጭ የሚያምረው ሰው አፉን እንዲያስር አይገደድም፤ ከኬክና ከብስኩት ይልቅ የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ የአሶሳ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን ወይም ጊሽጣ ይቅረብለት። 100 ግራም ፓፓያ 43 ካሎሪ ያህል ብቻ ነው፤ ሙዝ እንኳ፣ ብዙ ሰው «ያወፍራል» እያለ የሚፈራው፣ በ100 ግራም ከ90 አይበልጥም። አቡካዶ ግን የተለየ ነው፤ ለጤና መልካም የሆነ ቅባት ስላለበት 100 ግራሙ ወደ 160 ካሎሪ ይደርሳል። ስለዚህ አቡካዶ በቀረበበት ቀን ዘይቱ ይቀነስ።

ፍሬውን ግን በጥርስ ማላመጥ እንጂ ጨምቆ መጠጣት አይመከርም። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ሦስት ወይም አራት ብርቱካን ይጨመቃል፤ አሰሩ ይጣላል፤ ስኳሩ ይቀራል። እነዚያን ብርቱካኖች ልጦ ለመብላት የተቀመጠ ሰው ምናልባት በሁለተኛው ይጠግባል። ሮልስና ባልደረባዋ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ከምሳ በፊት ሙሉ ፖም የበሉ ሰዎች ካልበሉት ይልቅ በጠቅላላው በመቶ 15 ያህል ያነሰ ካሎሪ ተመግበዋል፤ የፖም ጭማቂ ግን እንደ ሙሉው ፖም አላጠገባቸውም። በየጭማቂ ቤቱ በስኳር የሚደራረበው እስፕሪስም ቢሆን የሙሉ ማዕድ ያህል ኀይል ሊኖረው ስለሚችል፣ እንደ ውሃ ሳይታሰብ የሚጠጣ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል፤ ይህም ድንችን ሳይጨምር ነው። ባገራችን በ2007 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግን ከመቶው 97 የሚሆኑት ከዚህ መጠን በታች እንደሚበሉ አሳይቷል። እርግጥ ዋጋው የሚከብደው ቤት ብዙ ነው። ቢሆንም ጎመን፣ ዱባና ቆስጣ ከብዙ ምግብ ይረክሳሉ፤ በትንሽ ጓሮ፣ ቦታ ባይኖርም በአሮጌ ባልዲና በጆንያ አፈር ውስጥ ይበቅላሉ። ፍራፍሬም በወቅቱ ሲገዛ ይረክሳል። ለጠርሙስ ለስላሳ መጠጥና ለብስኩት የሚወጣው ገንዘብ ቢታሰብ፣ ብዙ ቤት ለብርቱካን የሚሆን ገንዘብ ሳያገኝ አይቀርም።

ቤተ ሰቡም ሊያግዝ ይገባል። አንዱን ለይቶ «የአንተ ይኸውልህ» ብሎ ቅጠል ማቅረብና ሌላው በፊቱ ጥብስ ሲበላ መመልከት ለማንም ይከብዳል። ጎመኑ ለሁሉም ይብዛ፤ ልጆቹም ከሕፃንነታቸው ይልመዱት። ዘመድና እንግዳም «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እያለ ከጠገበ ሰው አፍ ላይ ጉርሻ ከመደርደር ይታገሥ። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ አንዲቱ ከበቃች ግን ፍቅሩ ተቀብሏል። ደግሞም በሰው ውፍረት መቀለድ ማንንም አላቀጠነም፤ ብዙዎችን ግን ተደብቀው እንዲበሉ አድርጓል።

ጾሙ ሲፈታስ? በፋሲካ ዶሮው ሲመጣ ጎመኑ ከቤት ይሰደዳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። ዶሮ ወጡና ክትፎው በበዓሉ በደስታ ይበላ፤ በአጠገቡ ግን ጎመንና ሰላጣ አይጥፋ። ከበዓሉም ማግሥት ጀምሮ የማዕዱ ግማሽ ወደ ቦታው ይመለስ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ነገርም አለ። ጥሬ የሚበላ ቅጠልና ፍሬ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት፤ ታይፎይድ፣ አሜባና ወስፋት በዚህ መንገድ ይገባሉና። የስኳር በሽታ መድኀኒት የሚወስድ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኀኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አመጋገባቸውን ከመለወጣቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ በጾም ወራትም ሐኪማቸውንና የነፍስ አባታቸውን አብረው ያማክሩ። ሰውነትም አትክልትን ብቻ በመብላት አይጸናም፤ ምስሩ፣ ሽንብራውና ባቄላው በማዕዱ ላይ መኖር አለባቸው።

በመጨረሻ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ መልካም እርምጃ ነው፤ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ። በየቀኑ በእግር መሄድ ቢታከልበት ደግሞ ውጤቱ ይጸናል። አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ሲሉ፣ ከሥጋ ይልቅ ሰላምና ጤና የሚበልጥ መሆኑን ለማስረዳት ነበር። እኛ ደግሞ ጎመኑን ከትሪው ዳር አንሥተን በመካከል ብናስቀምጠው፣ ጤናውን ሳንራብ እናገኘዋለን።