የጠባሳ መሸፈኛ ገበያ፦ ችግሩ የቀለም ቁጥሩ ላይ ነው

ከኮስሞቲክስ መደብር ባንኮኒ ፊት ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቅ ደንበኛ አለ። አንዷ የእሳት ቃጠሎ ጠባሳ አለባት። ሌላዋን ማድያት አስቸግሯታል። አንዱ በእጁና በከንፈሩ ዙሪያ ለምጽ ወጥቶበታል፤ ሌላው ከልደቱ ጀምሮ «ማርያም የሳመችው» የሚባል ምልክት አለበት። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህን የሚሸፍን ነገር ይኖራችኋል?» ሻጩ የመሸፈኛውን ዓይነት ካላወቀ እጁ የሚሄደው ቆዳ ወደሚያቀላ ቅባት ነው። ደንበኛው የጠየቀው ሌላ፣ ከፍሎ የሚወስደው ሌላ ይሆናል።

ሁለቱ ዕቃዎች አይገናኙም። የሚያቀላው ቅባት የቆዳውን የተፈጥሮ ቀለም ይነካል። መሸፈኛው ግን ከላይ የሚቀባ ቀለም ነው። ከተራ ፋውንዴሽን የሚለየው የቀለም ዱቄቱ በዛ ያለና ውኃና ላብ የሚቋቋም በመሆኑ ነው። በስሱ ተቀብቶ የማጽኛ ፓውደር ከተነሰነሰበት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ይጸናል። በአግባቡ ከተቀባ ፊት ላይ ቀኑን ሙሉ፣ በሌላው የሰውነት ክፍል ላይ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ምልክቱን ግን አያድንም። ኬሎይድን የመሰለ ያበጠ ጠባሳም ቀለሙ ቢመሳሰል እንኳ እብጠቱ መታየቱ አይቀርም።

ንግዱ አዲስ አይደለም። ፊቷ ላይ ትልቅ ቀይ የልደት ምልክት የነበረባት አሜሪካዊቷ ሊዲያ ኦሊሪ ለራሷ የሠራችውን መሸፈኛ «ከቨርማርክ» ብላ ለገበያ ያቀረበች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1932 የፈጠራ መብት አግኝታበታለች። ዛሬ የበርሊኑ ክሪዮላን የሚያመርተው ደርማከለር፣ እንዲሁም ደርማብሌንድና ኬሮማስክ በዓለም ገበያ የታወቁ ናቸው።

የአስመጪው ራስ ምታት የቀለም ቁጥሩ ነው። ሳሙና ወይም ሽቶ ለሁሉም ገዢ አንድ ነው። መሸፈኛ ግን ከገዢው የቆዳ ቀለም ጋር ካልገጠመ ጠባሳውን ከመደበቅ ይልቅ ያጎላዋል። ከጠይም እስከ ጥቁር፣ ከቀይ ዳማ እስከ ቀይ ያለውን ደንበኛ ለማስተናገድ ብዙ ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። ብዙ ቁጥር መያዝ ማለት ደግሞ ካፒታልን መደርደሪያ ላይ ማሳደር ማለት ነው፤ ያልተሸጠውም የመጠቀሚያ ጊዜው ያልፍበታል። ፌንቲ ቢዩቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ፋውንዴሽኑን በ40 የቀለም ዓይነት ይዞ ሲወጣ በንግዱ ዓለም መነጋገሪያ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

በኢትዮጵያ የመዋቢያ ዕቃ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ከተከለከለባቸው 38 የሸቀጥ ዓይነቶች መካከል ይገኝ ነበር። ክልከላው የተነሳው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ነው። መንገዱ ቢከፈትም ዕቃው በገበያ ዋጋ በተገዛ ዶላር ስለሚገባ፣ በማይሸጥ ቁጥር ላይ የሚባክነው ገንዘብ ቀላል አይሆንም። መፍትሔው በአንድ ሣጥን ብዙ ቀለም የያዙትን ማስመጣትና ሁለት ሦስቱን ቀላቅሎ የደንበኛውን ቀለም ማውጣት የሚችል ባለሙያ መቅጠር ነው።

እንግሊዝ የሄደችበት መንገድ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የብሪታንያ ቀይ መስቀል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሰጠው የቆየውን የቆዳ መሸፈኛ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2011 የተረከበው «ቼንጂንግ ፌስስ» የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ባለሙያው ከደንበኛው ጋር ተቀምጦ ቀለሙን ያመሳስላል፣ አቀባቡን ያስተምራል። ከዚያ በኋላ ደንበኛው የሚያስፈልገውን ቁጥር ያውቀዋል፤ አንዳንዶቹ መሸፈኛዎች በሐኪም ማዘዣም ይገኛሉ።

ገዢው ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ቀለሙ መሞከር ያለበት በእጅ መዳፍ ላይ ሳይሆን ምልክቱ ባለበት ቦታ አጠገብ ነው፤ እሱም ከመደብሩ መብራት ወጥቶ በቀን ብርሃን መታየት አለበት። ባልዳነ ቁስል ላይ አይቀባም። ማታ ሳይታጠቡ መተኛትም አይመከርም። ስያሜው የተፋቀ፣ ይዘቱ ያልተጻፈበት ወይም «ጠባሳውን በሳምንት ያጠፋል» የሚል ዕቃ ሲያጋጥም መተው ይሻላል። በአንዳንድ የማቅያ ቅባቶች ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ ስቴሮይድም ያለ ሐኪም ቁጥጥር ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የመዋቢያ ምርቶችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በመሆኑ፣ አስመጪውም ከማዘዙ በፊት ወደዚያው መሄድ ይኖርበታል።

ከሁሉም በፊት ግን ምልክቱ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም «ለምጽ» የሚለው ቃል ለሥጋ ደዌ ጭምር ስለዋለ፣ ቆዳው የነጣበትን ሰው ሁሉ የሚሸሽ አለ። ዛሬ ለምጽ የሚባለው የቆዳ መንጣት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በሌላ በኩል ቀለሙ የፈዘዘና ሲነኩት የማይሰማ ቦታ የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል፣ በቅባት ሳይሸፈን በፊት አለርትን በመሰለ የቆዳ ሕክምና በሚሰጥበት ሆስፒታል መታየት ይኖርበታል። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ ዘግይቶ ከተደረሰበት ግን ነርቭ ይጎዳል፣ አካል ያጎድላል።

ይህን ለይቶ የሚነግር፣ ቁጥሩን አመሳስሎ የሚሸጥ ነጋዴ ቋሚ ደንበኛ ያፈራል። ቁጥሩ የገጠመለት ሰው ቅባቱ ባለቀ ቁጥር ይመለሳልና። ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያስፈልገውም፤ ቁጥሩን ጠርቶ ይገዛል።